የአንዱ ቆዳ፣ የሌላው አጥንት

ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የግራ ጆሮህስ? ወደ ጥልቁ ስትወርድ እንደ ድሮው ይወጋሃል ወይስ ለቀቀህ? የእናታችን ጉልበትስ? ደረጃውን ሰው ሳይደግፋት ትወጣለች? ባለቤትህን፣ ስሜን መስማት ባትፈልግም፣ ሰላም በልልኝ። ትንሿ ልጅህ አሁን ፊደል ሳትጀምር አትቀርም። ሁላችሁንም በያላችሁበት ደህና ያድርጋችሁ።

የኔን ነገር ከጠየቅከኝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚያልፈው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሁ ብዬ ጽፌልሃለሁ። ውሸቴን ነበር። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፤ ደህና ግን አይደለሁም። በስልክ እንዳልነግርህ ድምፅህን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። መጥቼ እንዳልነግርህ አንተን የማይበት ፊት የለኝም። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው ታገሰኝ።

ጉዳዩ የዚያ ሰፍነግ ነው። ለሌላ ሰው ብጽፍ ኖሮ የባሕር ሰፍነግ ሰሃን የሚታጠብበት ነገር ብቻ እንዳልሆነ፣ ድንጋይና ኮራል ላይ ተለጥፎ ውኃ እያጣራ የሚኖር እንስሳ እንደሆነ ከማስረዳት እጀምር ነበር። ለአንተ ይህን መንገር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው። መጀመሪያ ያየኸው አንተ ነህ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከጀልባዋ ጎን ብቅ ብለህ፣ መተንፈሻውን ከአፍህ አውጥተህ፣ «እዚህ ኮራል ላይ ሰው ቀለም ደፍቶበታል መሰለኝ» ብለህ የጮህከው ትዝ ይልሃል? ከዚያ በጥፍርህ ብትፍቀው ቀለም ሳይሆን ሕይወት ያለው ነገር ሆኖ አገኘኸው። ብርቱካን የመሰለ፣ ከጥፍር የማይወፍር፣ ኮራሉን እንደ ቆዳ የለበሰ። «ልጥፍ» ብለህ ስም አወጣህለት። አጠገቡ ደግሞ የሸክላ ቀለም ያለው፣ እሱኑ የሚመስል ሌላ ነበር። እሱን «እከክ» አልከው።

በዚያው ቀን የነገርከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ልጥፍ ጥላ ይወዳል፤ የሚቀመጠውም ኮራሉ በሞተበት በኩል ነው፤ ማንንም አይነካም። እከክ ግን ሕይወት ያለውን ኮራል እየበላ ይሄዳል፤ በሄደበት ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ይተዋል አልከኝ። ቀጥለህም «ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም» አልክ። እኔ ሳቅኩብህ። ሰፍነግ በመልኩ አይለይም፣ ሥጋው ውስጥ ባሉት የመስታወት መርፌዎች ነው የሚለየው፣ እነሱን ደግሞ ያለ ማይክሮስኮፕ ማንም አያያቸውም ብዬ ሌክቸር ሰጠሁህ። አንተም ፊትህን በፎጣ እያደረቅክ፣ «እንግዲህ አንቺ አጥንቱን እዪ፣ እኔ ቆዳውን አይቼልሻለሁ» አልከኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርፌዎቹን አጥንት እያልን ቀረን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የላክሃቸው ሁለት ብልቃጦች ቤተ ሙከራው ሲደርሱ ቀለማቸው ለቆ ነበር። አልኮል ውስጥ ሳምንት ከቆዩ ልጥፍም እከክም የተቀቀለ ድንች ነው የሚመስሉት። ከእያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቆርጬ በሁለት ቀጫጭን ቱቦ ከተትኩና በረኪና አፈሰስኩባቸው። በረኪናው ሥጋውን ይበላና መርፌዎቹ ታች ይዘቅጣሉ። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ልብስ ሰፊዬ ነበረች። ለዓመታዊው ጉባኤ የማሰፋው ቀሚስ እጅጌው እስከ ክርን ይሁን እስከ አንጓ ብላ ትጠይቀኛለች። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ስለ እጅጌ ሩብ ሰዓት አወራሁ። ስመለስ ቱቦዎቹ መደርደሪያቸው ላይ ቆመዋል፤ ላያቸው ላይ ምንም አልጻፍኩም። ለተማሪዎቼ በየሴሚስተሩ «መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ቁረጡ» እያልኩ የምሰብክ ሴትዮ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ሁለቱንም ደፍቶ እንደ አዲስ መቁረጥ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን በሌላ ተቋም ያሉ ሰዎች የዚያኑ ዓይነት ሰፍነግ እያጠኑ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ዳይሬክተሩ በየማለዳው በሬ ላይ ብቅ እያለ «ደረስሽ?» ይለኛል። እና «የቀኙ ልጥፍ ነው» አልኩ። ገመትኩ፣ ወንድም ጋሼ። ሃያ ዓመት የተማርኩት፣ አንተ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተርህን ዘግተህ ባሕር የገባህለት ትምህርት፣ ያን ዕለት ግምት ሆነ።

ከዚያማ ሠላሳ መርፌ ለካሁ፣ ሣልኩ፣ ጻፍኩ። ራሳቸው እንደ ስፒል ድቡልቡል ያለ ቀጥ ያሉ መርፌዎች ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም ብዬ ጻፍኩ። የልጥፍን ቀለም፣ የልጥፍን መኖሪያ፣ የልጥፍን ስስነት ከአንተ ማስታወሻ ወሰድኩ፤ አጥንቱ ግን የእከክ ነበር። የአንዱን ቆዳ ለሌላው አጥንት አልብሼ አዲስ ዝርያ አገኘሁ አልኩ። ጽሑፉ ታተመ። አጨበጨቡልኝ። የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ፎቶዬ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ፤ እጅጌው እስከ አንጓ ነው። ከጽሑፉ ግርጌ ባለው ምስጋና ላይ ስምህን አላስገባሁም። «ለጠላቂዎቹ» ብዬ አለፍኩ። ጠላቂው አንድ ነበር።

ሰባት ወር እንዳለፈ ከሩቅ አገር አንዲት ተመራማሪ ደብዳቤ ጻፈችልን። ከናሙናው ቁራጭ በውሰት ልከንላት ነበር። በጣም ጨዋ በሆነ ቋንቋ፣ ምናልባት እሷ ተሳስታ ሊሆን እንደሚችል እየደጋገመች፣ የላክንላት ቁራጭ ከጻፍኩት ጋር እንደማይገጥም ገለጸች። ከባለ ድቡልቡል ራሶቹ መርፌዎች ጋር እንደ መንጠቆ የጎበጡ እልፍ ጥቃቅን መርፌዎች አግኝታለች። የት ሄደው ነው ያላየሻቸው ማለቷ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ገባኝ። እሁድ ነበር፤ ቢሮ ማንም የለም። ወደ ናሙና ክፍል ወርጄ ብልቃጡን ከፈትኩ። ውስጡ ያንተ ወረቀት አለ። በእርሳስ፣ በዚያ ወደ ግራ በሚወድቀው ጽሕፈትህ፣ «ልጥፍ። ብርቱካን። ከጥላው በኩል። ስምንት ሜትር» ይላል። የእከክም ብልቃጥ እንደዚያው የራሱ ወረቀት አለው። አንድም ነገር አልተሳሳትክም።

ወረቀቱን በመቆንጠጫ አወጣሁት። በመሐረብ አደረቅኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ይህንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ከሰዓት በኋላ ደወልኩልህ። ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ። ብልቃጦቹን አምታተህ ይሆን እንዴ ብዬ፣ እንደ ዘበት፣ እየሳቅኩ ጠየቅኩህ። አንተ አልሳቅክም። «እኔ አላምታታሁም» አልክ። ከጀርባህ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። ቆይተህ፣ ይህ ነገር ሥራሽን ያሳጣሻል ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ሊያሳጣኝ ይችላል አልኩህ። «አይዞሽ» ብለህ ስልኩን ዘጋህ። እኔ ያን ቀን «አይዞሽ» የሰማሁት ሰው እንዲሁ እንደሚለው አድርጌ ነው።

ማክሰኞ ኮሚቴው ጠራኝ። ዳይሬክተሩና ሁለት ሽማግሌ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። ጠላቂው የላካቸው ብልቃጦች ምልክት የተምታታ ነው፣ በአንደኛው ውስጥ ጭራሽ ወረቀት የለም አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ፣ ጠላቂውን በደንብ ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። እኔም «በሥራ ብቻ» አልኩ።

በሥራ ብቻ። ሲርበኝ ቁርስህን የሰጠኸኝ፣ የመጀመሪያ ጫማዬን ያሰርክልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን ተሸክመህ በር ድረስ መጥተህ «ልብሴ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ አልገባም» ብለህ የተመለስክ ሰው፣ በሥራ ብቻ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም፤ አስቤ ነው ያልኩት።

በሳምንቱ ለተቋሙ የምትጠልቅበት ሥራህ ተቋረጠ። ባለቤትህ ደውላ፣ ወንድምሽ የባሕሩን ድንጋይ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ብልቃጥ ይጠፋዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው። ልክ ናት። አንተ ግን አንድም ቀን አላነሳህብኝም። ስደውል ስለ እናታችን መድኃኒት፣ ስለ አየሩ ነው የምታወራኝ። ሥራ አገኘህ ወይ ስልህ «አለሁ፣ አለሁ» ትለኛለህ። ምን እንደምትሠራ ሳላውቅ አንድ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ወር አየሁህ። ወደብ የመጣሁት የውኃ ናሙና ልወስድ ነበር። ከዕቃ ጫኚው ክሬን ሥር ቆሜ ሳለ፣ ከአንድ ዝገታም መርከብ ሆድ ሥር መፋቂያ ይዘህ ወጣህ። አለቃው ከላይ ሆኖ ይጮህብሃል፤ በስተኋላው ገና ነው፣ የተጣበቀ ዛጎል አለበት ይልሃል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እርግጠኛ ነኝ። እኔ እጄን ላንሳ አላንሳ ሳመነታ፣ አንተ ጭንብልህን መልሰህ አጠለቅክና ተመልሰህ ገባህ። አልተቆጣህም። ሰላም ማለት እንዳይቸግረኝ፣ ካጠገቤ ያሉት «ይሄ ማነው?» ቢሉኝ መልስ እንዳላጣ ብለህ ነው የገባኸው። አረፋህ ላዩ ላይ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። የያዝኩት ጠርሙስ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፤ አብሮኝ የነበረው ሾፌር ምን ነካሽ ቢለኝ ነፋሱ ነው አልኩት።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ወረቀትህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ልብስ ሰፊዋን፣ ቱቦዎቹን፣ ግምቴን፣ እሁዱን። ወንድሜ ነው አልኩ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። መሳቢያውን ከፍቶ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና አንብቢ አለኝ።

ጽሕፈትህ ወደ ግራ ይወድቃል። «ብልቃጦቹን ያምታታሁት እኔ ነኝ። ሥራውን የሠራችው ልጅ አታውቅም። ታናሽ እህቴ ናት፣ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ፤ መዋሸት አታውቅበትም። ብትጠይቋት ትደነግጣለችና አታስጨንቋት።» ከሥሩ ፊርማህ አለ። ከፊርማህ ሥር ቀን አለ። ሰኞ ነው፤ ኮሚቴው እኔን በጠራኝ ዋዜማ።

ዳይሬክተሩ የነገረኝ ይሄን ነው። ሰኞ ጠዋት ገና ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ቆመህ አግኝቶሃል። ሌሊቱን አምስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘህ መጥተሃል። ወንበር ሲሰጥህ ሱሪዬ ቆሻሻ ነው ብለህ አልተቀመጥክም። እህትህን ልጥራልህ ቢልህ፣ እንዳታየኝ ብለህ በጓሮ በር ወጣህ። ዳይሬክተሩ ወረቀትህን አምኖት ነበር፤ «አንቺ በሥራ ብቻ ነው የማውቀው እስክትዪ ድረስ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን የፈረመ ሰው እያለ ያልፈረመ ሰው መክሰስ ከበደው። አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሰላም ሲለኝ ይህ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነበር። እኔም ዝም በማለቴ ንጹሕ አይደለሁም አለኝ። እኔ ግን የእሱን ጥፋት የምቆጥርበት አፍ አልነበረኝም። ቀኑን ደግሜ ደግሜ አየሁት።

ያንን ካየሁ ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። ጽሑፉ እንዲሰረዝ ለመጽሔቱ ጽፌያለሁ፤ ምክንያቱን ሳልሸፋፍን። ለዚያች ተመራማሪም ጽፌ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ከኃላፊነቴ ተነስቻለሁ። ፎቶውን ራሴ ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። ተማሪ እንዳላማክር ለሁለት ዓመት ታግጃለሁ። ያንሳል እንጂ አይበዛም። የአንተን ንጽሕና የሚገልጽ ደብዳቤ ተቋሙ ይጽፋል፤ በባሕር ዳርቻው ጽሕፈት ቤትና በጠላቂዎች ማኅበር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሥራህንም ሊመልሱልህ ፈቃደኛ ናቸው። ብትመለስ ባትመለስ ያንተ ምርጫ ነው። ብትሰድባቸውም አይገርመኝም፤ አትሰድብም እንጂ።

ሁለቱንም ብልቃጦች ደግሞ እንደ አዲስ ሠርቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ጻፍኩ፣ ከዚያ ቆረጥኩ። በረኪናው ሥራውን እስኪጨርስ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ስልኬንም ጸሐፊዋ ጋ አስቀመጥኩት። ልጥፍ እውነትም መንጠቆዎቹ አሉት፤ ከመብዛታቸው የተነሳ መስታወቱ ላይ የተበተነ ጨው ይመስላሉ። እከክ አንድም የለውም። እኔ አጥንት ሳላይ አልናገርም ያልኩትን፣ አንተ ፊትህን በፎጣ እያደረቅክ ጨርሰኸው ነበር። ዘመድ አይደሉም። ልጥፍም እስከ ዛሬ ማንም ያልገለጸው ዝርያ ነው።

በስምህ ልሰይመው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። ስም ሰጥቼ የተገላገልኩ እንዳይመስለኝ ፈራሁ። አዲሱ ጽሑፍ ግን የእኔ ብቻ ሊሆን አይችልም። በሕይወት ሳለ ሲነኩት ምን እንደሚሆን፣ ልሙጥ ይሁን ሻካራ፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይትፋ አይትፋ፣ ክረምት ከበጋ ቀለሙ ይለወጥ እንደሆነ እኔ አላውቅም። የማውቀው የተቀቀለ ድንች ነው። ያየኸው አንተ ነህ። ፈቃድህ ከሆነ ስምህ ከስሜ ቀድሞ ይገባል። ፈቃድህ ካልሆነ ደግሞ ጽሑፉ ይቅር፤ ሰፍነጉ እንደሆነ ስም ቢኖረውም ባይኖረውም ውኃውን ያጣራል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ወደ እናንተ እመጣለሁ። መጀመሪያ ቤት አልመጣም። ጠላቂዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ መሣሪያቸውን የሚያጥቡበት ቦታ ሄጄ፣ ስላምታታ አባረሩት ብለው ባሙህ ሰዎች ፊት ያምታታሁት እኔ ነኝ፣ እህቱም ነኝ እላለሁ። ከዚያ ቤት እመጣለሁ። ባለቤትህ በር ብትዘጋብኝ አልቀየማትም፤ እውነቷን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ይህን ደብዳቤ ለእናታችን አንብብላት። አውቅሃለሁ፤ ከእኔ የሚመጣን ሁሉ ስታነብላት እኔን የሚያሳፍረኝን እየዘለልክ፣ ያላልኩትን መልካም ነገር ከራስህ እየጨመርክ ነው። ባለፈው እናታችን «ልጄ፣ ምንኛ በጥሩ ቃል ትጽፊያለሽ» ስትለኝ የጻፍኩት አራት መስመር ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ። ይህን ግን እንደ ተጻፈ አንብበው። «በሥራ ብቻ» የሚለውንም።

ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። የገባህበት ውኃ ሁሉ በሰላም ያውጣህ። ልጆችህ አንተን ይምሰሉ።

ያሳደግካት ታናሽ እህትህ